ሶሌታ የማያቆመው ዘነዘና

የሕንፃ ድምፅ የሚመረምሩ ባለሙያዎች ይዘውት የሚዞሩት አንድ መሣሪያ አለ። በአንድ መስመር የተደረደሩ 5 የብረት መዶሻዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል። ሞተሩ ሲነሣ መዶሻዎቹ ከ4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በየተራ ወለሉ ላይ ይወድቃሉ፤ ባጠቃላይ በሰከንድ 10 ጊዜ ይመታሉ። ባለሙያው መሣሪያውን ላይኛው ፎቅ ላይ አስነሥቶ ይተወውና ታች ወርዶ የሚሰማውን በዴሲቤል ይለካል። ዓለም አቀፍ መስፈርት የወጣለት ዘነዘና ነው ቢባል አያስኬድም አይባልም። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው መሣሪያውን አይቶት ባያውቅም ሥራውን ያውቀዋል፤ ላይ ቤት ቡና በተወቀጠ ቁጥር ይሰማዋልና።

ላይኛው ጎረቤት እንግዳ ጠርቶ ሲጫወት፣ ቴሌቪዥን ከፍቶ ሲያመሽ ታች ያለው ሰው ብዙም ላይሰማው ይችላል። ያው ጎረቤት ተረከዙን ረገጥ እያደረገ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት ሲሄድ ግን እርምጃው ይቆጠራል። ምክንያቱ የሁለቱ ድምፆች መንገድ ለየቅል መሆኑ ነው። ወሬ በአየር ተጉዞ ነው ሶሌታው ጋ የሚደርሰው። አየር ቀላል፣ አርማታ ከባድ ስለሆነ አብዛኛው ድምፅ ወደመጣበት ይመለሳል። ወለሉ በከበደ መጠን ይበልጥ ይከላከላል፤ ክብደቱ እጥፍ ቢሆን ወደታች የሚያልፈው ድምፅ 5 ወይም 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ዘነዘናው ግን አየር አያስፈልገውም። በሙቀጫው በኩል አርማታውን ራሱን ይመታዋል፤ አርማታው ይንቀጠቀጣል፤ የታችኛው ቤት ኮርኒስ እንዳለ ድምፅ ማጉያ ይሆናል። መንቀጥቀጡ በኮለኑና በግድግዳው በኩልም ስለሚሄድ ሁለት ፎቅ ወርዶ ወይም ወደ ጎን ዞሮ ሊሰማ ይችላል። ላይኛው ጎረቤት ተወቅሶ፣ ወቃጩ ከጎኑ ያለው ቤት ሆኖ የሚገኘው በዚህ የተነሣ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በቦሌ ገርጂ በሙከራ በተጀመረው የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ፣ ፎቅና ፎቅን የሚለየው ሶሌታ የተሠራው ወጪ እንዲቀንስ ታስቦ ነው። አስቀድመው የተመረቱ ቀጫጭን የአርማታ ተሸካሚዎች ይዘረጋሉ፤ በመካከላቸው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ይደረደራል፤ ከላይ ስስ አርማታ ይፈስበታል። ሲሚንቶም፣ ፌሮም፣ የቅርጽ ጣውላም ይቆጥባል። ቤት ላጣ ሕዝብ በብዛት ለመገንባት ተገቢ ምርጫ ነበር፤ ለጆሮ የተመረጠ ግን አልነበረም። ከድፍን ሶሌታ ይቀላል፤ ከዚያ በላይ ግን የሚያለሰልስ ነገር በመካከሉ የለም። ባለቤቶቹ ቁልፍ ከተረከቡ በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ ሴራሚክ በቀጥታ በሲሚንቶ ያስነጥፋሉ። ያምራል፣ ለማጽዳትም ይቀላል፤ ለሚወድቅ ጭልፋና ለሚጎተት ወንበር ግን ሴራሚክን ያህል የሚጮህ ወለል የለም።

ታዲያ መፍትሔው ክብደት መጨመር ሳይሆን ማለያየት ነው። ሙያው «ተንሳፋፊ ወለል» ይለዋል። ሶሌታው ላይ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከቀለጠ ድንጋይ ወይም መስታወት ተፈትሎ የተሠራ ጥጥ መሰል ምንጣፍ ይነጠፋል። ሲሚንቶው እንዳይሰርግበት ፕላስቲክ ይለብሳል። በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል የሲሚንቶ ንጣፍ ይፈስና ሴራሚኩ ከዚያ በላይ ይመጣል። በደንብ ከተሠራ የርግጫ ድምፁን ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊቀንሰው ይችላል፤ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ጆሯችን ድምፁ በግማሽ እንደወረደ ስለሚቆጥረው 20 ማለት ብዙ ነው።

ሥራው የሚበላሸው ጠርዝ ላይ ነው። ንጣፉ ዙሪያውን ግድግዳ እንዳይነካ ስስ ፎም በግድግዳው ሥር ይዞራል። ግንበኛው ይህን ረስቶ አንዲት አካፋ ሲሚንቶ በስንጥቁ ካስገባ፣ ወይም ዞኮሎውን ከወለሉ ጋር በሲሚንቶ ካጣበቀው ንዝረቱ ድልድይ አገኘ ማለት ነው፤ የወጣበት ገንዘብ ግማሹ ያኔውኑ ይሄዳል። ዞኮሎው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ክፍተቱ በሲሊኮን መሞላት አለበት። ሌላው ጉዳይ ጭነት ነው። 5 ሳንቲ ሜትር የሲሚንቶ ንጣፍ በካሬ ሜትር ወደ 100 ኪሎ ስለሚመዝን፣ በተሠራ ቤት ላይ ከመጨመሩ በፊት መሐንዲስ ሶሌታውን ማየት ይኖርበታል።

የኤዲንብራና የበርሊን የድሮ ግንበኞች ይህ ሁሉ ቁሳቁስ አልነበራቸውም። የሚሠሯቸው ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች ወለላቸው ጣውላ ነበር፤ ጣውላ ደግሞ ቀላል በመሆኑ ወሬውን እንኳ አያስቀርም። ስለዚህ በእንጨት ተሸካሚዎቹ መካከል አመድ፣ አሸዋ ወይም የብረት ማቅለጫ ጥቀርሻ ይሞሉበት ነበር። ዛሬ እነዚያን ቤቶች የሚያድሱ ሰዎች ወለሉን ሲያነሡ ያንኑ ያገኛሉ። ቆሻሻ መስሏቸው አውጥተው የጣሉ ሰዎች ቤታቸው ከቀድሞው ይልቅ የሚጮኸው የተጣለው ክብደት ሥራ ላይ ስለነበር ነው።

እኛ ዘንድ ግን የሚሞከረው ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ጎን ይጀመራል። ተጎጂው ታች ያለው ስለሆነ ኮርኒሱ ላይ ነው የሚሠራው። የእንቁላል ካርቶን የሚለጥፍ አለ። ካርቶኑ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ከላይ የሚመጣውን አይመልስም፤ ይልቁንም እሳት ይወዳል። የተንጠለጠለ ጂፕሰም ኮርኒስ ውስጡ የድንጋይ ጥጥ ገብቶበት ይሻላል፤ በግድግዳው የሚወርደውን ንዝረት ግን አያገኘውም። ከሁሉም የሚረክሰው ዘዴ የላይኛው ቤት እጅ ላይ ነው፤ ወፍራም ጎማ ሙቀጫው ሥር፣ ወፈር ያለ ለስላሳ ጨርቅ ወንበር እግር ላይ፣ ምንጣፍ መተላለፊያው ላይ። የሽንት ቤት ቧንቧ ሶሌታውን በስቶ የሚወርድበት ቀዳዳ ካልተደፈነም ወሬው ሁሉ በዚያው ይወርዳል።

ድምፅንና ሙቀትን አንድ ዕቃ ይከላከላቸዋል የሚለው ግምት ብዙ ሰው ያላግባብ ገንዘብ ያስወጣል። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚገባው ነጭ ፎምና የድንጋይ ጥጥ ሙቀትን በመያዝ ረገድ እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል፤ 4 ሳንቲ ሜትራቸው ከአንድ ሜትር ተኩል አርማታ የበለጠ ይሠራል። ለድምፅ ሲሆን ግን ተራው ፎም ቀላልም ደረቅም በመሆኑ አይረባም። ደግሞስ፣ ሰው በሚኖርባቸው ሁለት ፎቆች መካከል ሙቀትን መከላከል ለምን? ላይና ታች ያለው ሙቀት አንድ ዓይነት ከሆነ የሚሸሽ ሙቀት የለም። ለሙቀት የሚወጣ ገንዘብ ቦታው የመጨረሻው ፎቅ ነው፤ ቆርቆሮው ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል።

ሁለቱ ጥቅሞች አንድ ላይ የሚገናኙት እዚያው ነው። ጥጡ ከቆርቆሮው ሥር ተጠግቶ ከገባ ሙቀቱን ከመያዙ ሌላ በክረምት ዶፍ የሚንቀጠቀጠውን ቆርቆሮ ያረጋዋል፤ ዝናብም መዶሻ ነውና። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ አንድ ነው። ከማድ ቤት የሚወጣው እንፋሎት በሌሊት የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ጠብታ ይሆናል፤ ጥጡም ይረጥብና ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ በክፍሉ በኩል፣ ከኮርኒሱ በላይ፣ ፕላስቲክ ይዘረጋል፤ መገጣጠሚያውም ተደራርቦ በቴፕ ይዘጋል።