ከአልጋው ብረት ወደ ደም

በቆጂ ላይ ሕመም ሲጠና ሪፈር ይጻፋል፤ ታማሚው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አሰላ ይገባል። ብቻውን አይሄድም። እናቱ ወይም እህቱ ተከትላው ታጎርሰዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ሌሊቱንም አልጋው ሥር ታድራለች። መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎች ሲወራ የሐኪሙና የፋርማሲው ስም ይነሳል፤ የዚህች አስታማሚ እጅ ግን ይዘነጋል።

ጉዳዩ ለአሰላ ሩቅ አይደለም። የአርሲ ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑ ሄንሪክ ሃይነ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትኩሳት ይዟቸው አሰላ ሆስፒታል ከተኙ ሕሙማን በወሰዱት ናሙና ኤንዲኤም-1 የተባለ ዘረመል የያዙ ባክቴሪያዎችን አግኝተዋል። ዘረመሉ ጅማ ላይም ቀደም ብሎ ታይቷል። ዘረመሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2009 እ.ኤ.አ. የተገለጸው ኒው ዴልሂ ታክሞ ስዊድን ከገባ ሰው ተገኝቶ ነው። የሚያመርተው ኢንዛይም ሴፍትሪያክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ ብቻ ሳይሆን ሐኪሞች ለክፉ ቀን የሚቆጥቡትን ሜሮፔነምንም ይሰባብራል። ይባስ ብሎ ዘረመሉ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፕላዝሚድ በሚባል ተንቀሳቃሽ የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ባክቴሪያ ቅጂውን ለሌላው፣ ዝርያው ለተለየውም ጭምር ያቀብላል።

ከእነዚህ ባክቴሪያዎች መካከል አሲኔቶባክተር ባውማኒ የሚባለው በጣም ያሳስበኛል። በደረቅ ነገር ላይ፣ ማለትም በአልጋ ብረት፣ በፍራሽ ሽፋን፣ በኦክስጅን መቆጣጠሪያ ላይ፣ እስከ አምስት ወር ሊቆይ ይችላል። የነካውን ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ አያሳምምም። ቁስል ላይ፣ ካቴተር ላይ ወይም በደም ሥር በገባ መርፌ ላይ ሲያርፍ ግን ወደ ደም የሚገባበትን በር ያገኛል። ታማሚው ከአልጋው ሲነሳ ባክቴሪያው ለቀጣዩ ተረኛ ይቀራል።

በረኪና ይገድለዋል፤ አጠቃቀሙ ግን ወሳኝ ነው። ደም ወይም መግል ባለበት ላይ በረኪና ቢፈስበት ክሎሪኑ ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። መጀመሪያ በውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ከዚያ አንድ እጅ ባለ 5 ፐርሰንት በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ቀጥኖ ይቀባል፤ ቶሎ ሳይጠረግም ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። አስታማሚዋም አንዱን ታማሚ ደግፋ ሌላውን ከማንሳቷ በፊት እጇን መታጠብ ወይም በአልኮል ማሸት አለባት። በዎርድ ውስጥ የመተጋገዝ ልማዳችንን እወደዋለሁ። ውሃና ሳሙና አጠገቧ ማቅረብ ደግሞ የተቋሙ ግዴታ ነው።

ባክቴሪያው ወደ ደም ከገባ በኋላ ማንነቱን የሚለየው፣ በላቦራቶሪ አሳድጎ የሚያየው የካልቸር ምርመራ ነው። ውጤቱ ቀናት ይወስዳል፤ ሐኪሙ እስከዚያ በግምት ያክማል። ምርመራው በሌለበት ግን ግምቱ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። ስለዚህ ካልቸር እንደ ወባ ምርመራ በየሆስፒታሉ የተለመደ እንዲሆን አጥብቄ እሻለሁ። ደሙ የሚቀዳው በተቻለ መጠን የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ አለበለዚያ ኢንፌክሽኑ እያለ ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ላያድግ ይችላል። አስታማሚዋ በቆጂ ላይ ተገዝቶ የተዋጠ እንክብል ካለ፣ ባዶ ማሸጊያውንም ቢሆን ይዛ ብትመጣ ሐኪሙ ውጤቱን በትክክል ያነበዋል።