ኮሶ፦ ውጤቱ በዓይን የሚታይ መድኃኒት

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ይበቅላል፤ እስከ 20 ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ በዕፅዋት ዘር ሐረግ ከጽጌረዳ ጋር ይዛመዳል። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ የምሥራቅ አፍሪካን ተራሮች ይዞ እስከ ማላዊ ይዘልቃል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ሔጦ ይለዋል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የቆሙ ዛፎች ናቸው፤ የሴቴዋ አበባ ቀላ ብሎ በትልልቅ ዘለላ ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ የወንዴው ነጣ ያለ ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ ነው። ይህንን የለየው ሲጠጣው የኖረው ባላገር እንጂ ላቦራቶሪ አይደለም። ያለ መሣሪያ እንዴት ሊለየው ቻለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ የዱር ዕፅዋትን መድኃኒትነት በጅምላ ከማመንም በጅምላ ከመናቅም የሚያድን መልስ ያገኛል ብዬ አምናለሁ። መልሱም የኮሶ ውጤት በዓይን የሚታይ መሆኑ ነው።

ኮሶ የሚጠጣው የሆድ ትል ለማስወጣት ነው፤ ትሉም ከጥሬ የበሬ ሥጋ ይመጣል። በሥጋው ውስጥ የተኛው እጭ ሆድ ሲገባ ራሱን ከትንሹ አንጀት ግድግዳ ጋር ያጣብቅና ብዙ ሜትር የሚረዝም ነጭ ጥብጣብ ይሆናል። ሲበስል ጫፉ እየተቆረጠ ከሰገራ ጋር፣ አንዳንዴም በራሱ እየተንቀሳቀሰ ይወጣል። ስለዚህ ታማሚው ማንም ሳይነግረው በሽታውን ያውቃል፤ ትሉንም በመድኃኒቱ ስም ጠርቶ «ኮሶ ታየኝ» ይላል። ያን ጊዜ የደረቀው አበባ ይወቀጣል፣ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱ ለምሳሌ የሚጠቀስ ነው፤ ማቅለሽለሹና ተቅማጡም ቀኑን ሙሉ ከሥራ ያስቀራል። ትሉ ወጣ ወይስ አልወጣም የሚለው ግን በዚያው ቀን ይታወቃል። አንዱ የወንዴውን፣ ሌላው የሴቴዋን፣ ሦስተኛው የከረመውን አበባ ቢጠጣ ልዩነቱ ከሰፈር አይሰወርም። እንቆቆ፣ መተሬና ቀጨሞም ለዚሁ ትል ይሰጡ ስለነበር ማወዳደሪያም አልጠፋም። መዝገብ አልተያዘለትም እንጂ በትውልድ ሁሉ ሲደጋገም የኖረ ሙከራ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ያዩ አውሮፓውያን መንገደኞች ሰዉ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ እንደሚጠጣ ጽፈዋል። «ፈዋሽ ቢሆን ኖሮ ለምን ደጋግመው ይጠጡታል?» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ደግሞ ከትሉ አስተዳደግ ይገኛል። ትሉ የሚያድገው ከጭንቅላቱ በኩል ነው። ረጅሙ አካል ተጠርጎ ቢወጣም ጭንቅላቱ ተጣብቆ ከቀረ እንደገና ይቀጥላል፤ ቁርጥራጭ መጣል የሚጀምረውም ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ነው። ጥሬ ሥጋ መብላት ያልተወ ሰው አዲስ ትል ቢይዘውም ጊዜው ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ የሁለት ወሩ ልማድ የተወለደው ነጩ ቁራጭ ዳግም ከታየበት ጊዜ ይመስለኛል። ልማዱ የመድኃኒቱን ብርታትም ጉድለትም አብሮ ይዟል፤ ኮሶ ትሉን ያስወጣል፣ ሁልጊዜ ግን ከሥሩ አይነቅለውም። ጉድለቱን እንዲህ በግልጽ የሚያሳይ ልማድ በባዶ እምነት ብቻ ቆመ ማለት ይከብዳል።

አበባው ባሕር ተሻግሮ የገጠመው ነገር ይህንኑ ያጠናክራል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን በሥዕል ጭምር አስተዋወቀ፤ ስሙንም ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ ሰጠው። በዓመቱ ጀርመናዊው ግሜሊን ዛሬ በሳይንስ የሚጠራበትን ስም ከኮኒግስበርጉ የመድኃኒት ሊቅ ከሃገን ወሰደለት። በ1824 ደግሞ ኩንት፣ ኢስታንቡል ላይ የኮሶን ፈዋሽነት ባየው በፈረንሳዊው ሐኪም በብራዬር ስም ጠራው። ለአንድ ዛፍ ሦስት የክብር ስም ሲወጣለት ከጠጪዎቹ መካከል ማንም አልተጠቀሰም። ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ኮሶ በአውሮፓ የመድኃኒት መድበሎች ገባ። ወዲያው ግን መድኃኒት ቀማሚዎች ማማረር ጀመሩ፤ የሚደርሳቸው አበባ የከረመ፣ ከወንዴው ጋር የተቀላቀለና ጉልበቱ የደከመ ነበር። አበባው ሲሻገር የትኛው፣ መቼ የተለቀመ የሚለው ዕውቀት ወደ ኋላ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ብርቱው ተቃውሞ ይመጣል፦ ኮሶ ሰው ይጎዳል። እውነት ነው። በአበባው ውስጥ ያሉት ኮሲንና ኮሶቶክሲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ትሉን ብቻ መርጠው አይመቱም፤ ከመጠን ያለፈ ኮሶ የዓይን ነርቭን እንደሚጎዳና ለሞት እንደሚያደርስ የሕክምና ዘገባዎች አሉ። «አያቶቻችን ጠጥተውት ምን ሆኑ?» የሚለው መከራከሪያ እዚህ አይሠራም። ትውከቱና ድካሙ በዚያው ቀን ስለሚታይ ሕዝቡ አውቆት ነበር፤ ፅንስ እንደሚያስወርድም ይነገር ነበር። ዘግይቶ የሚመጣውን የዓይን ጉዳት ከጠጡት ኮሶ ጋር ማያያዝ ግን ሌላ ዓይነት ክትትል ይጠይቃል። አውሮፓውያንም ለዚሁ ትል ይጠቀሙበት በነበረው በራሳቸው የፈርን ሥር ተመሳሳይ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ንጥረ ነገሮቹም ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚህ በዓይን የሚታየውን ሕዝብ ጠንቅቆ ይማራል፤ የማይታየውን ግን ዘመን ስለረዘመ ብቻ አይማረውም። የደም ግፊት፣ የስኳርና የኩላሊት በሽታ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አያሰሙም። ለእነርሱ የሚሸጥ ዱቄት «ሺህ ዓመት የተፈተነ» ሲባል፣ ማን በምን አይቶ ፈተነው ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። አንዱን ብልቃጥ ለሁሉም ሕመም የሚያዝ ነጋዴማ ከኮሶ ጠጪዎች ጥንቃቄ ምንም አልወረሰም።

በዓይን የሚገኝ ዕውቀት ወሰን እንዳለው እንዶድ ሌላ ምስክር ነው። እናቶች ፍሬውን በወንዝ ዳር ለልብስ ማጠቢያ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አጠገብ ከማጠቢያው ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን አስተዋለ፤ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዝያን እንደሚያስተላልፍ ያውቅ ስለነበር ትርጉሙ ገባው። የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ለሁሉም ዓይን የቀረቡ ነበሩ፤ ከበሽታው ጋር ያላቸው ግንኙነት ግን ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ለዚህ ሥራ አክሊሉና ባልደረባው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።

«ዛሬ ኪኒን እያለ ኮሶ ለምን ይወራል?» ለሚለው፣ ለታማሚው ኪኒኑ እንደሚሻል አልከራከርም፤ ፕራዚኳንቴልም ሆነ ኒክሎሳማይድ መጠኑ ተለክቶ አንዴ ተውጦ የሚያበቃ ነው። ዕውቀቱ ግን ለተመራማሪ የት እንደሚፈልግ ይጠቁመዋል፤ የ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 482ም የማኅበረሰብን ዕውቀት መብት ያለበት ሀብት አድርጎ ደንግጎታል። ዛፉ ራሱ ለቤት ዕቃ እየተቆረጠ ተመናምኗል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከጥድ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር በስም ጠቅሶ ያለ ፈቃድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የከለከለውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ኮሶ የታየበት አንባቢ እንግዲህ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ነፍሰ ጡርማ አበባውን ጨርሶ አትቅመስ። በጓሮው የኮሶ ዛፍ ያለው ደግሞ መጥረቢያ ከማንሣቱ በፊት አበባው እንዴትና መቼ ይለቀም እንደነበር የሰፈሩን አዛውንቶች ጠይቆ ይጻፍ።