ጅራፍ ማንን ገርፎ ይጮኻል?

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለው ተረት፣ በድሎ ተበደልኩ ለሚል ሰው መልስ ሆኖ ኖሯል። ስለ ጅራፉ ግን የተናገረው እውነት ግማሽ ነው። መጮኹንስ ይጮኻል፤ የሚገርፈው ግን የለም። በነሐሴ በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ መስክ ጅራፍ የሚያጮኽ እረኛ ሲያይ ቆም ያለ ሰው ይመሰክራል፤ ጫፉ መሬትም፣ ሣርም፣ ከብትም ሳይነካ ባዶ አየር ላይ ጧ ይላል።

ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ለኃይል፣ ለእንቅስቃሴና ለኢነርጂ ትምህርት ከጅራፍ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። መጽሐፎቻችን ባቡር አይቶ ለማያውቅ የወገዳ ልጅ የባቡር ፍጥነት ያስሉለታል፤ ትከሻው ላይ የጠመጠመውን ጅራፍ የሚያነሳለት ግን የለም። ኃይል መግፋት ወይም መሳብ መሆኑን፣ ኃይል ያረፈበት ነገር ፍጥነቱ ወይም አቅጣጫው እንደሚለወጥ፣ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ኢነርጂ እንደያዘ ማንም ተማሪ ያውቀዋልና አልደግመውም።

ወደ ጩኸቱ ልግባ። ተማሪዎቼን ጅራፍ ለምን እንደሚጮኽ ስጠይቅ ገሚሶቹ ጫፉ መሬት ስለሚመታ ነው ይሉኛል። ትንሽ የተፈላሰፉት ደግሞ ተመልሶ የራሱን ገመድ ስለሚመታ ነው ይላሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው። ይህን ስናገር ክፍሉ ይስቃል፤ ከድምፅ የሚፈጥን ነገር የጦር አውሮፕላን ብቻ ነው የሚል እምነት አለና።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ከዚህ ባነሰ ፍጥነት የሚሄድ ነገር ፊቱ ያለውን አየር ሲገፋ፣ ግፊቱ በድምፅ ፍጥነት ቀድሞት ይሄዳል፤ አየሩም ቀስ ብሎ ገለል ይልለታል። ከድምፅ የፈጠነ ግን የራሱን ግፊት ይደርስበታል። አየሩ ገለል የሚልበት ጊዜ አጥቶ በአንድ ቦታ ይታመቃል፤ ያ የታመቀ ሞገድ ጆሯችን ላይ ሲያርፍ ጧ ሲል እንሰማለን። የጦር አውሮፕላን ሲያልፍ መስኮት የሚያንቀጠቅጠውም ይኸው ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦቶ ሉመር የጅራፍ ጩኸት ከዚህ እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. በ1905 ገምቶ ነበር፤ በኋላ በፈጣን ካሜራ የተነሱ ፎቶግራፎች ግምቱን ደገፉት። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲዎቹ ጎሪዬሊና ማክሚለን ጉዳዩን በስሌት አጥርተው፣ ዋናው ነገር በገመዱ ላይ የሚጓዘው እጥፋት መሆኑን አሳዩ። አሜሪካዊው አብራሪ ቻክ ዬገር በአውሮፕላን ከድምፅ የቀደመው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። እረኞቻችን ሳይነገርላቸው ቀድመውታል።

ታዲያ የልጅ ክንድ ይህን ፍጥነት ከየት አመጣው? ከአገማመዱ ነው። ደህና ጅራፍ ከልጥ ወይም ከቃጫ ሲገመድ እጀታው ዘንድ ወፈር ይላል፤ ወደ ጫፉ እየሳሳ ሄዶ መጨረሻው ላይ ክር ያህላል። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ የሚሰላው መጠነ ቁስን በፍጥነት፣ ውጤቱን እንደገና በዚያው ፍጥነት አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ነው። 300 ግራም የሚመዝን ጅራፍ በሰከንድ 10 ሜትር ቢወረወር 15 ጁል ይይዛል። እጁ ድንገት ሲመለስ የጅራፉ ሥር ይቆማል፤ ኢነርጂው ግን አይቆምም፤ እጥፋቱን ይዞ ወደ ቀጭኑ ይሸሻል። 15ቱ ጁል ሳይባክን 3 ግራም በምትመዝን ቁራጭ ላይ ቢጠራቀም፣ ያቺ ቁራጭ በሰከንድ 100 ሜትር መሮጥ አለባት። የግራም አንድ አሥረኛ በሆነችው ጫፍ ላይ ቢያርፍ ደግሞ ከ500 ሜትር ይበልጣል። በእርግጥ ሰበቃውና አየሩ መንገድ ላይ ብዙ ይቀንሱለታል፤ ቢሆንም 340ን ለማለፍ የሚተርፍ አለ።

ስለዚህ ሱቅ የሚሸጠውን፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል የወፈረ የፕላስቲክ ገመድ ገዝታችሁ «አልጮኽ አለኝ» አትበሉ። ጥፋቱ የክንዳችሁ አይደለም። ጉልበተኛ ነኝ የሚል ጎረምሳ አየሩን ሲደበድብ ውሎ እፍ የሚል ድምፅ ሲያወጣ፣ ከጎኑ ጥጃ የሚጠብቅ ብላቴና አንዴ አዙሮ በመመለስ ሰፈሩን ሲያስደነግጥ አይቻለሁ። ልዩነቱ እጅን የሚመልሱበት ቅጽበት ላይ ነው።

ግዙፍ ነገር በዝግታ ሲሄድ ያለውን ፊዚክስ ለሚፈልግም ይኸው አገር ታሪክ አለው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ጉዞው ከእ.ኤ.አ. 1867 መጨረሻ እስከ 1868 መጋቢት ድረስ ቆይቷል፤ መንገዱም በጋይንት ምድር በጨጨሆ በኩል ነበር። እዚያ ጠላቱ ሰበቃና ስበት ነው፤ ዳገቱ ላይ ስበትን ማሸነፍ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ያንኑ ስበት ወደ ኋላ ይዞ መግታት። መንገድ እየቀደዱ የጎተቱት ሰዎች ኢነርጂ ምን እንደሆነ በትከሻቸው አውቀውታል። ይህ ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ጅራፍ የሚይዙ ሁሉ አንድ ነገር ይስሙኝ። የሚጮኸው ጫፍ ከግራም ያነሰ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ በዚያ ፍጥነት ዓይን ያጠፋል። ቡሄ ሲመጣ ልጆች ፊት ለፊት ቆመው ሲገራረፉ እያየ የሚስቅ አዋቂ ደስ አይለኝም። ነሐሴ 13 የሚሰማው ጩኸት በታቦር ተራራ ለተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ ካህናቱ፤ ለዚህ ምሳሌ የሰው ገላ አያስፈልግም። ለበሬም እንዲሁ ነው። አንድ የስማዳ አራሽ እንዳጫወቱኝ፣ ሙያ ያለው ሰው ጅራፉን ከበሬው ጀርባ በላይ አጩኾ ይነዳዋል፤ ቆዳው ላይ የሚያሳርፈው ማጮኽ ያልቻለ ነው።

ወደ ድምፅ ፍጥነት ልመለስ። ሌላው የምሰማው ስህተት ደጋው አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ ይዘገያል የሚለው ነው። በተመሳሳይ አየር ውስጥ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ የአየሩ መሳሳት አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ንፋስ መውጫ ላይ ድምፅ ዘገም የሚለው ስለሚቀዘቅዝ ነው። በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 337 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ቆላው ላይ በ30 ዲግሪ 349 ይደርሳል። ልዩነቱን ጆሮ አይለየውም።

ፍጥነቱን ግን ተማሪዎች መለካት ይችላሉ። ጅራፍ የሚያጮኽ ልጅ ማዶ ጉብታ ላይ ይቁም፤ ሌሎቹ 680 ሜትር ርቀው፣ በሜትር ተለክቶ፣ ሰዓት መያዣ ያለው ስልክ ይዘው ይጠብቁ። እጁ ሲመለስ ሲያዩ ይጫኑ፤ ጧ ሲል ሲሰሙ ደግመው ይጫኑ። ሁለት ሰከንድ ገደማ ይወጣል። የጣት መዘግየት ስላለ አሥር ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ፤ ነፋስ ካለ ደግሞ ቦታ ተለዋውጠው ይድገሙት።