ብርድ ሲገባ የሚሳሳው የማርስ አየር

ከማርስ አየር 95 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ናይትሮጅን 3 በመቶ አይሞላም፤ አርጎን ወደ 2 ይጠጋል። በሕይወት የሚያቆየን ኦክስጅን ደግሞ 0.16 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ አየሩ እጅግ ስስ ነው። በፕላኔቷ ገጽ ላይ ያለው አማካይ ግፊት 6 ሚሊባር አካባቢ ነው፤ ምድር ላይ በባሕር ጠለል ከፍታ ካለው ግፊት አንድ መቶኛውን እንኳ አያክልም።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይኸው ስስ አየር በየወቅቱ መጨመሩና መቀነሱ ነው። ዋልታው ፀሐይ በማያይባቸው ወራት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 125 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ያን ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሆኖ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ ከጠቅላላው ከባቢ አየር ሩብ ያህሉ እንዲህ ከሰማይ ይጎድላል። ፀሐይ ስትመለስ በረዶው ተንኖ እንደገና አየር ይሆናል። ሳይንቲስቶቹ ሮበርት ሌይተንና ብሩስ መሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1966 በስሌት ደርሰውበት ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ማርስ ላይ ያረፉት ሁለቱ የቫይኪንግ መንኮራኩሮችም የግፊቱን መውጣትና መውረድ ለክተው አረጋገጡላቸው።

ከ2012 ወዲህ ኪዩሪዮሲቲ የተባለው ተሽከርካሪ የሚዘዋወርበት የጌል ጉድጓድ የሚገኘው ከዋልታዎቹ በጣም ርቆ፣ በማርስ ወገብ አጠገብ ነው። የዋልታው ብርድ ግን እዚያም ይታወቃል። ቦታው ዝቅ ያለ በመሆኑ ግፊቱ ከአማካዩ ይበልጣል፤ ሆኖም በዓመት ውስጥ ከ9 ሚሊባር በላይ ወጥቶ ወደ 7 ይወርዳል። አርጎን በዚህ ብርድ ስለማይጋገር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲጎድል የእርሱ ድርሻ ከፍ ይላል። ኦክስጅን ግን ሳይንቲስቶችን ግራ አጋብቷል፤ በፀደይና በበጋ ከተጠበቀው በላይ እስከ 30 በመቶ ሲጨምር ታይቷል።

ጥንት አየሩ ይህን ያህል ስስ አልነበረም። ማርስን የሚጋርድ መግነጢሳዊ መስክ ሲጠፋ ከፀሐይ የሚነፍሰው የቅንጣቶች ጎርፍ አብዛኛውን ወደ ጠፈር ጠረገው።

ከቀረው ላይ የሚተነፈስ ነገር ለማውጣት የተሞከረው በ2021 ነው። ፐርሰቪራንስ በተባለው ተሽከርካሪ ላይ የተጫነው ሞክሲ የተባለ መሣሪያ የማርስን አየር ስቦና አምቆ እስከ 800 ዲግሪ ያሞቀው ነበር፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ ኃይል ኦክስጅኑን ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይለየው ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ 5.4 ግራም ተገኘ፤ ለአንድ ጠፈርተኛ የ10 ደቂቃ ያህል ትንፋሽ ማለት ነው። እስከ 2023 ድረስ 16 ጊዜ ሠርቶ በጠቅላላው 122 ግራም አመረተ። አራት ጠፈርተኞችን ከማርስ ለማስነሣት ለሮኬቱ ብቻ 25 ቶን ያህል ኦክስጅን ያስፈልጋል።