በባሕር ውስጥ የሚሠራ ድንጋይ

ልጆች ሆይ፤ በመካኒሳ ለቤት መሠረት የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ ጥንት በምድር ውስጥ በእሳት ቀልጦ የወጣ ነው። የምጽዋ ከተማ አሮጌ ቤቶች የተገነቡበት ድንጋይ ግን ከጥቃቅን እንስሳት ሥራ የተገኘ ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ አስተውላችሁ አንብቡ።

ምጽዋ በቀይ ባሕር ዳር ያለች የቆየች ወደብ ናት። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች መንግሥት ስለ ሆነች፥ ዛሬ ወደቡ የእርስዋ ነው። ከተማይቱ በከፊል በደሴቶች ላይ የቆመች ናት። ስለዚህ በ1860ዎቹ ዓመታት፥ ግብፆች ሲገዟት፥ ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ አገር ሰው ገዥ ሆኖ ደሴቶቹን ከየብስ ጋራ የሚያገናኝ የድንጋይ መንገድ በባሕሩ ላይ አሠራ።

እንግዳ ሰው ከወደቡ በጀልባ ጥቂት ርቆ ወደ ሼክ ሰዒድ ደሴት ይሄዳል። ባሕሩ ጸጥ ባለ ጊዜ ወደ ታች ቢመለከት፥ ቅርንጫፍ ያለው ቁጥቋጦና እንደ ድፎ ዳቦ የከበበ ድንጋይ የሚመስል ነገር ያያል፤ ኅብረ ቀለም ያላቸው ዓሦችም በመካከሉ ይመላለሳሉ። ነገር ግን ቁጥቋጦው ተክል አይደለም፤ ድንጋዩም በድን አይደለም። ስሙ ኮራል ይባላል፤ የብዙ ጥቃቅን እንስሳት ማኅበር ነው።

ከእነዚህ እንስሳት የሚበዙት ከባቄላ ፍሬ ያንሳሉ። አካላቸው ለስላሳ ነው፤ በአፋቸው ዙሪያ ባሉት ትናንሽ እጆች ምግባቸውን ይይዛሉ። ከባሕሩ ውኃም ኖራ እየወሰዱ ከበታቻቸው ቤት ይሠራሉ። እነርሱ ሲሞቱ ቤታቸው ይቀራል፤ ልጆቻቸውም በዚያ ላይ ይሠራሉ። ይህ በብዙ ዘመን ተከማችቶ ሲደነድን ለምጽዋ ግንበኞች ድንጋይ ሆነ።

እንደ ዳቦ የከበበው ኮራል በዓመት 1 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ያድጋል። እንግዲህ ቁመቱ 1 ሜትር እንዲሆን 100 ዓመት ያህል ያስፈልገዋል። ማስታወሻ ይሆነኛል ብሎ በመዶሻ የሚመታው ሰው ግን ያን ሁሉ ድካም በአንድ ጊዜ ያፈርሳል። መልሕቁን በላዩ የሚጥል ጀልበኛም እንዲሁ ነው። መሸሸጊያቸው የፈረሰባቸው ዓሦች ይጠፋሉ፤ ዓሣ አጥማጁም መረቡን ባዶውን ይስባል።

ስለዚህ ዝም ያለ ነገር ሁሉ ሕይወት የሌለው አይምሰላችሁ። ለማፍረስ ጉልበት ብቻ ይበቃል፤ ለመሥራት ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። የማታውቁትን ነገር ከመንካታችሁ በፊት ማን እንደ ሠራው፥ ስንት ዘመንም እንደ ፈጀ ጠይቁ። ባሕርን ያላየ ልጅ ይህን ትምህርት በአጥሩ ጥግ ካለው የወፍ ጎጆ ሊጀምረው ይችላል።