ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ማደር፦ ለአደንና ለመስክ ጉዞ የሚሆን ታጣፊ አልጋ አመራረጥ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የትምህርት መድረክ በቃል ከቀረበ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



በዚህ አዳራሽ ስለ አልጋ ልናገር መቆሜ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። ሆኖም ተማሪዎችን እየመራሁ ለዱር እንስሳት ቆጠራ በወጣሁባቸው ዓመታት ከፈጸምኳቸው ስሕተቶች መካከል እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንዱ የአልጋ ግዢ ነው። ስለዚህ ገለጻዬን ከዚያው ልጀምር።

በደቡብ ምሥራቅ ደጋዎቻችን፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቁጥጥር በሚደረግበት አንድ የአደን ቦታ ሰፍረን የደጋ አጋዘን እንቆጥር ነበር። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ስንት ወንድ አጋዘን እንዲታደን እንደሚፈቀድ የሚወሰነው በቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ቆጠራው ከተሳሳተ ፈቃዱም ይሳሳታል። ለስድስት ተማሪዎች ቀላል ታጣፊ አልጋ ገዝቼ ነበር። በጀቱ ስለጠበበ ግን ከላይ የሚነጠፈውን ፎም ሰረዝኩት። «አልጋ ካለ ፍራሽ ለምን?» ብዬ ነበር።

ሌሊቱን ስድስቱም ሲንቀጠቀጡ አደሩ። መንገድ መሪያችን የነበሩት አዛውንት ደረቅ ሣር ጎዝጉዘው፣ በላዩ ቁርበት አንጥፈው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደኅና እንቅልፍ ተኙ። ጎሕ ሲቀድ እሳት ዳር ተሰብስበን ሳለ፣ «መምህር፣ እናንተ እኮ የተኛችሁት ነፋስ ላይ ነው» አሉኝ። ያን ዕለት ማለዳ አንድ ሸለቆ በአንድ ሰዓት የተመለከቱ ሁለት ተማሪዎች የመዘገቡት ቁጥር ሊገናኝ አልቻለም። እንቅልፍ ያጣ ዓይን ሴቷን ከግልገሏ አይለይም። የዕለቱን መዝገብ ጣልነው።

ከዚያ ወዲህ ለአደንም ሆነ ለምርምር የሚሆን አልጋ ሲመረጥ ሦስት ጥያቄዎችን አስቀድማለሁ፦ የት ይተኛበታል? ማን ይሸከመዋል? ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ዋጋውና በመለያ ወረቀቱ ላይ የታተመው ቁጥር ከእነዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የት ይተኛበታል?

ሰውነታችን ሙቀቱን የሚያጣው በመነካካት፣ በአየር እንቅስቃሴ፣ በጨረርና በትነት ነው። መሬት ላይ ስንተኛ ዋናው ጠላት መነካካት ነው፤ ቀዝቃዛው አፈር ሙቀታችንን ይስባል። አልጋ ከአፈሩ ይለየናል፤ ነገር ግን በምትኩ ከሥራችን ሌሊቱን ሙሉ የሚመላለስ አየር ያስገባል። የመኝታ ከረጢት፣ በልማድ ስሊፒንግ ባግ የምንለው፣ ሙቀት የሚይዘው በውስጡ ባመቀው አየር ነው። ጀርባችን ሲጫነው ያ አየር ይወጣና ከሥር በኩል ከጨርቅነት አያልፍም። አዛውንቱ «ነፋስ ላይ ተኛችሁ» ያሉት ይህንኑ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ በአልጋው ላይ መከላከያ ማንጠፍ። የምንጣፍ ሙቀት የመከላከል ዐቅም አር-ቫልዩ በሚባል መለኪያ ይገለጻል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መከላከያው ይጠነክራል። የተለመደው ጠፍጣፋ የመስክ ፎም 2 ገደማ ነው። ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ቢያንስ 4 ያስፈልጋል። ሁለት ምንጣፍ ሲደራረብ ቁጥሮቹ ስለሚደመሩ ሁለት ፎም ይበቃል ማለት ነው።

ወደ ቆላ ስንወርድ ነገሩ ይገለበጣል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይለያያል፤ ስለዚህ 1,000 ሜትር ላይ ባለ ሰፈርና 4,000 ሜትር ላይ ባለ ሰፈር መካከል ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። በደጋ የጎዳን አየር በቆላ ያቀዘቅዘናል። ጊንጥና እባብ ከሚሄዱበት አፈር ከፍ ማለትም ጥቅሙ ግልጽ ነው።

አልጋ ግን አጎበርን አይተካም። በመተማና በሑመራ ቆላዎች፣ ጥቁሩ አፈር በሚሰነጣጠቅበትና ግራር በሚበዛበት አካባቢ፣ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ አለች። ይህች ነፍሳት ከወባ ትንኝ በእጅጉ ስለምታንስ ቀዳዳው ሰፋ ባለ አጎበር ታልፋለች፤ ስለዚህ አጎበሩ ቀዳዳው ደቃቅ ወይም በፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ መሆን ይገባዋል። ደግሞም የአልጋው ጨርቅ ስስ ወይም መረብ ከሆነ ከሥር መነከስ ስለሚቻል አጎበሩ የአልጋውን ሆድ ጭምር መክበብ አለበት።

ማን ይሸከመዋል?

በገበያ የሚገኙትን የመስክ አልጋዎች በሦስት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው እግሮቹ እንደ መቀስ የሚከፈቱት፣ በወታደር ቤት የምናውቀው ዓይነት ነው፤ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሁለተኛው በብረት ቱቦ የተሠራ ሰፊ አልጋ ሲሆን ከዚያም ይከብዳል፤ መኪና እስከ ድንኳኑ በሚደርስበት ሰፈር ካልሆነ አይመከርም። ሦስተኛው እንደ ደጋን በሚለጠጡ አጫጭር እግሮች የሚቆም፣ ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ የማይሞላ ከፍታ ያለውና ከ1.5 እስከ 2.5 ኪሎ የሚመዝን ነው።

የእኛን ጉዞ እናስላ። ባለ 9 ኪሎው አልጋ ለስድስት ሰው 54 ኪሎ ይሆናል፤ ባለ 2 ኪሎው 12 ኪሎ። ልዩነቱ 42 ኪሎ ነው፤ በዳገት ለሚወጣ አንድ አጋሰስ በቂ ጭነት ነው። እኔ የሰረዝኩት ፎም ደግሞ አንዱ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ለስድስቱ ቢበዛ 3 ኪሎ ነበር። 3 ኪሎ ስቆጥብ የአንድ ቀን ሥራ ጠፋ።

ቀላሉ አልጋ ያለ ዕዳ አይመጣም። ጉልበቱ ለሚያመው፣ በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው፣ ከስንዝር በታች ካለ አልጋ መነሣት ትግል ነው። ከፍ ያለው አልጋ በበኩሉ ግድግዳው ዘመም ባለ ትንሽ ድንኳን ውስጥ ትከሻን ከሸራው ጋር ያገናኛል፤ ሸራው ደግሞ ሌሊት ጤዛ ያዝላል። አራት ሹል እግር ያለው በእርጥብ አፈር ይሰምጣል፣ የድንኳኑንም ወለል ይበሳል፤ እግሮቹ ከሥር በአግዳሚ ዘንግ የተያያዙት ጭነቱን ስለሚያሰፉ ይሻላሉ።

ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?

አልጋ ተኝተንበት ሳለን የሚሰበረው ከስንት አንዴ ነው። የሚሰበረው ስንቀመጥበት ነው። «120 ኪሎ ይሸከማል» የሚለው ጽሑፍ ሰው ተዘርግቶ፣ ክብደቱ በጨርቁ ሁሉ ተከፋፍሎ እንደሚተኛ የሚያስብ ነው። ከሜካኒክስ ትምህርት እንደምታስታውሱት፣ በድንገት የተለቀቀ ጭነት ከምንም ከፍታ ባይወድቅም እንኳ በተሸካሚው ላይ የሚያሳድረው ኃይል በዝግታ ከተቀመጠው እጥፍ ይሆናል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው የጫማውን ማሰሪያ ሊፈታ ዘፍ ብሎ ሲቀመጥ፣ ዘንጉ በአንድ ቦታ የ150 ኪሎ ያህል ጭነት ይሰማዋል። ስለዚህ ከራሳችሁ ክብደት እጥፍ የሚሸከም አልጋ ምረጡ፤ ስትቀመጡም ከእግሩ አጠገብ እንጂ በሁለት እግሮች መካከል አይሁን።

ዘንጉ ከምን ይሠራ? የአሉሚኒየም እፍጋት በሴንቲ ሜትር ኩብ 2.7 ግራም፣ የብረት 7.85 ግራም ነው። ነገር ግን አሉሚኒየም በግትርነቱም ከብረት ሲሶ ያህል ነው። የአሉሚኒየም አልጋ ቀሎ የሚጠነክረው ቱቦው ወፈር ብሎ ስለሚሠራ ነው፤ ስለዚህ ቀጭን የአሉሚኒየም ዘንግ ካያችሁ ተጠራጠሩ። 7075 የሚባለው ቅይጥ በአግባቡ ሲጠነክር 6061 ከሚባለው በእጥፍ ሊጠጋ የሚችል ጥንካሬ አለው፤ ሆኖም በተለመደው ብየዳ አይያያዝም። ብረት ግን በየትኛውም የወረዳ ከተማ ብየዳ ቤት ይጠገናል። ከተማ በቀረበበት ጉዞ የብረት ክብደት ይህን ካሣ ያስገኛል፤ ከተማ በራቀበት ግን መለዋወጫ ዘንግ መያዝ ግድ ነው። መጋጠሚያው ከሪቬት ይልቅ በብሎን የታሰረ ቢሆን ይመረጣል፤ ብሎን በየሱቁ አለ።

በጨርቅ ረገድ «600 ዴኒየር» የሚለው ቁጥር ብዙ ገዢ ያሳስታል። ዴኒየር የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ሲለካ ነው፤ የክሩን ውፍረት እንጂ የስፌቱን ጥንካሬ አይነግረንም። ናይለን ውሃ ሲጠጣ ይላላል፤ ፖሊስተር ውጥረቱን ይጠብቃል፣ ፀሐይንም በተሻለ ይቋቋማል። የጥጥ ሸራ ለገላ ይመቻል፤ ግን ይከብዳል፣ እርጥብ ሆኖ ከታጠፈም ይሻግታል። ጨርቁ ዘንጉን የሚያቅፍበት ስፌት ድርብ መሆኑን በዓይናችሁ ሳታዩ አትግዙ፤ ቀድሞ የሚቀደደው እዚያ ነው።

እዚህ ላይ የአያቶቻችን የጠፍር አልጋ ያስተምረናል። አንዱ ጠፍር ሲበጠስ ጭነቱን ሌሎቹ ይካፈሉታል፤ የተበጠሰውም ብቻውን ይተካል። የመስክ አልጋም እንዲሁ ጨርቁ ከዘንጉ ተስቦ የሚወጣ፣ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የሚቀየር ቢሆን ዕድሜው ይረዝማል።

ከመግዛት በፊት

ከሱቁ ሳትወጡ አልጋውን ራሳችሁ ዘርጉት፣ አጥፉትም፤ ከዚያ በጓንት ድገሙት፤ በውርጭ ሌሊት ጣት እንደልብ አይታዘዝም። ከነመያዣው በሚዛን መዝኑት፤ መለያው ብዙ ጊዜ መያዣውን አይቆጥርም። በላዩ ተኝታችሁ ተገላበጡ፤ ድምፁን ስሙ። የሚንቋቋ አልጋ ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል፤ ለአዳኝም አውሬ ያሸሻል። ቁመታችሁንም ለኩ፤ ጫፍ ላይ ያለው አግዳሚ ዘንግ ተረከዝን ከነካ እንቅልፍ የለም። በመጨረሻም ጉዞው ከመድረሱ በፊት አንድ ሌሊት በግቢያችሁ እደሩበት።

ከዚያ ዓመት ወዲህ በበጀት ሰነዴ ላይ አልጋ፣ ፎምና አጎበር በአንድ መስመር ይጻፋሉ፤ ቁጥሩም ተማሪዎቹን ብቻ ሳይሆን መንገድ መሪውንና ባለፈረሶቹን ይጨምራል። ሌሊቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ የቆጠራው እውነትም በሁላቸውም ዓይን ላይ ያርፋል። በተከታዩ ጉዞ ለእኒያ አዛውንት ድርሻቸውን ስሰጣቸው ፎሙን ተቀብለው አልጋውን መለሱልኝ። ፎሙን በሣራቸው ላይ አንጥፈው ተኙ። ልክ ነበሩ፤ በደረቅና ቀዝቃዛ መሬት ላይ ጥሩ ጉዝጓዝ ያለው ሰው አልጋ ላያስፈልገው ይችላል። የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ «የት ይተኛበታል?» የሚለውን፣ በቅጡ የጠየቀ ሰው አንዳንዴ መልሱ አለመግዛት ሆኖ ያገኘዋል።