ቅንድብ ለምን ይሳሳል? የጉሎ ዘይትስ ምን ያደርጋል?

ቅንድብ ከዓይን በላይ፣ ከግንባር ሥር የበቀለ ፀጉር ነው። ሥራው ለመልክ ብቻ አይደለም። ገበሬው በጠራራ ፀሐይ ሲያርስ ከግንባሩ የሚወርደውን ላብ ቅንድቡ ወደ ጎን ይመልስለታል። ዝናብ ሲመታውም እንዲሁ ነው። ቅንድብ ባይኖር ላቡ ጨዉን እንደ ያዘ ዓይን ውስጥ ገብቶ ያቃጥል ነበር።

መልክም አለበት እንጂ። በእኛ በጎጃም ጥቁርና ሙሉ ቅንድብ ያላት ሴት ትደነቃለች። ሙሽራ ተኳኩላ ስትወጣ አስቀድሞ የሚታየው ዓይኗና ቅንድቧ ነው። ስለዚህ ቅንድቧ የሳሳባት ሴት ብታዝን አይፈረድባትም። ወንዱም ቢሆን አፉ አይናገር እንጂ ልቡ ያዝናል።

ታዲያ ቅንድብ ሲሳሳ ምን ይደረጋል? የድሮዎቹ እናቶቻችን ቅቤ ይቀቡ ነበር። ከሰል ፈጭተው የሚያጠቁሩም ነበሩ። ዛሬ ደግሞ በደብረ ማርቆስ፣ በደጀን ወይም በሞጣ ከተማ ሱቆች «ሴረም» የሚባል ነገር በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። ሴረም ማለት በጥቂት ጠብታ የሚቀባ ቀጭን ቅባት ነው። «ከተፈጥሮ ዘይት የተሠራ፣ ቅንድብ የሚያበዛ» ይባልለታል። ብዙውን ጊዜ በውስጡ የሚገኘው የጉሎ ዘይት ነው። ጉሎ ማለት ሌላ እንዳይመስላችሁ። ያው በየጓሯችን፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ፣ ፍሬው የተዥጎረጎረ፣ ምጣድ የምናሟሽበት ጉሎ ነው። ከጓሯችን ያለውን ነገር በጠርሙስ መልሰን በብዙ ብር እንገዛዋለን ማለት ነው።

ዘይቱ የሚሠራውንና የማይሠራውን ለማወቅ አስቀድመን ፀጉር እንዴት እንደሚያድግ እንይ። የምናየው ፀጉር ሕይወት የለውም። ብንቆርጠው የማያመን ለዚህ ነው። ሕይወት ያለው ከቆዳ ሥር የተቀበረው ሥሩ ነው። ሥሩ ምግቡን የሚያገኘው ከደም ነው፤ ከላይ ከሚቀባው አይደለም። የራስ ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ አንዱ ፀጉር ሳይወድቅ ለዓመታት ስለሚያድግ ይረዝማል። የቅንድብ ፀጉር ግን የሚያድገው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ከዚያ ያርፋል፤ ቆይቶም ይወድቅና ሌላ ይተካል። ቅንድባችን እንደ ሹሩባ ረዝሞ ዓይናችንን የማይሸፍነው በዚህ ምክንያት ነው።

የጉሎ ዘይት ወፍራምና የሚጣበቅ ነው። ቅንድብ ላይ ሲቀባ ፀጉሩን ይሸፍነዋል፤ ያብረቀርቃል፤ ጥቁርና ወፈር ያለ አስመስሎ ያሳየዋል። ደረቅ ፀጉር ቶሎ እንዳይሰበርም ይረዳል። ቆዳውንም ያለሰልሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ለዚህ የሚቀባ ሰው አልተሳሳተም። ነገር ግን ዘይቱ አዲስ ፀጉር እንደሚያበቅል በምርምር አልተረጋገጠም። «ቀብቼ በቀለልኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ውሸት ተናገሩ አንልም። ነገር ግን የተነቀለ ቅንድብ ምንም ሳይቀባ እንኳ ከሁለት እስከ አራት ወር ድረስ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ምስጋናውን ግን ዘይቱ ይወስደዋል።

በዚህ መካከል አንድ ነገር እናስታውስ። ቅንድብና ሽፋሽፍት የሚያሳድግ እውነተኛ መድኃኒት ውጭ አገር አለ። መጀመሪያ የተሠራው ለዓይን ግፊት ሕመም ነበር። ሐኪሞች የታማሚዎቹ ሽፋሽፍት ሲረዝም አዩና በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሽፋሽፍት ማሳደጊያ ተፈቀደ። ይህ መድኃኒት የዓይንን ቀለም ሊለውጥና ዓይንን ሊያቀላ ይችላል። እንግዲህ «ከተፈጥሮ» ተብሎ የተሸጠው ጠርሙስ በሁለት ሳምንት ተአምር ከሠራ፣ በውስጡ ያልተጻፈ ነገር ሊኖር ይችላልና እንጠንቀቅ።

የጉሎ ዘይት በቤት ለማውጣት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያድርግ። የደረቀውን ፍሬ ይፈልፍል፤ በምጣድ ላይ ጥቂት ያምሰው፤ ይውቀጠው። ሲወቅጥ አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን፤ ብናኙ ዓይንና ጉሮሮ ያሳክካል። የተወቀጠውን ብዙ ውኃ ባለበት ድስት ጨምሮ ደህና አድርጎ ያፍላው። ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። እሱን በማንኪያ እየገፈፈ በሌላ ዕቃ ላይ ያድርግ፤ ውኃው እስኪያልቅ እንደገና ያሙቀው፤ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ በደረቅ ጠርሙስ ያስቀምጥ።

ይህን ስንጽፍ የሚያስፈራን አንድ ነገር አለ። የጉሎ ፍሬ መርዝ አለው። ጥቂት ፍሬ ያኘከ ሕፃን ሊሞት ይችላል። መርዙ ከዘይቱ ጋር አይወጣም፤ በአተላው ውስጥ ይቀራል፤ ማፍላቱም ያዳክመዋል። ስለዚህ አተላው ለከብት፣ ለዶሮ፣ ለውሻ አይሰጥም፤ ይቀበራል። ፍሬውም ልክ እንደ ባቄላ የሚያምር ስለ ሆነ ልጆች ከሚደርሱበት ይራቅ። ዘይቱን እርጉዝ ሴት አትጠጣው። ሆድ ያስቀምጣል፤ ምጥም ሊያስነሳ ይችላል።

ሲቀባም አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛ በኩል ጥቂት ጠብ አድርጎ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። ቆዳው ካልቀላና ካላሳከከ፣ ማታ ፊትን ታጥቦ በንጹሕ ጣት ስስ አድርጎ ቅንድቡን መቀባት ነው። ዓይን ውስጥ አይግባ። ዓይኑ የሚያለቅስ፣ የሚቀላ፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሚወጋው ሰው ካለ ግን ቅባት አይነካው። ይህ ትራኮማ የሚያመጣው ነው፤ በአማራ ክልል ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙዎች ሽፋሽፍቱን በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ፤ ተመልሶ ሲበቅል ግን የባሰ ይወጋል። የዓይኑን ቆብ የሚያቃና አጭር ቀዶ ሕክምና አለ፤ ሳይታወሩ መሄድ ነው። ኩልም ቢሆን አንዳንዱ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ስላለበት ለሕፃናት ዓይን አይበጅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቅንድብ ያለ ምክንያት አይሳሳም። ምክንያቱን ሳያውቁ ዘይት መቀባት የሚያፈስ ጣሪያ ትቶ ወለል እንደ መጥረግ ነው።

አንዳንዱ ምክንያት ቀላል ነው። ቅንድቧን ለዓመታት ስትቀነደብ የኖረች ሴት ሥሩ ይጎዳባትና መብቀሉን ይተዋል። ዕድሜም ያሳሳል። ላሽ የሚባለው በሽታም ከራስ አልፎ ቅንድብን ክብ ክብ አድርጎ ይመልጣል፤ ጭርትም ይነካዋል። እነዚህን የጤና ጣቢያ ባለሙያ አይቶ ይለያቸዋል። ግን ጎጃምን በተለይ የሚመለከቱ ሁለት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው እንቅርት ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረታችን ራሱ እንቅርት ምን ያህል የተለመደ እንደ ነበር ይናገራል። በደጋ አገር ዝናቡ አፈሩን ሲያጥብ አዮዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይዞት ይሄዳል። አዮዲን ያነሰው አፈር ያበቀለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል። በአንገታችን ላይ ያለው ዕጢ አዮዲን ሲያጣ ያብጣል። ሥራውን መሥራት ካቃተው ደግሞ ሰውየው ይደክመዋል፤ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበርደዋል፤ ቆዳው ይደርቃል፤ ሆዱ ይደርቃል፤ ቅንድቡም ከጆሮ በኩል ካለው ጫፍ ጀምሮ ይሳሳል። እንቅርት ያለበት ሁሉ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። እንዲህ የሆነ ሰው ግን የጠርሙስ ዘይት አይረዳውም፤ ደሙ ተመርምሮ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ለመከላከል አዮዲን ያለበት ጨው መብላት ነው። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት መንግሥት ደንብ አውጥቷል። ከገበያ በጆንያ የሚሰፈረው ሻካራ ጨውና አሞሌው ብዙውን ጊዜ የለበትም። በፕላስቲክ የታሸገውን፣ «አዮዲን ያለው» ተብሎ የተጻፈበትን አንብባችሁ ግዙ። ማንበብ የተማርነው እኮ ለዚህም ነው። ቤት ከገባ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ፀሐይና ጭስ አይንካው፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር።

ሁለተኛው ምክንያት የሚፈራው ነው፤ እሱም ሥጋ ደዌ ነው።

አንዲት ሴት አለች እንበል። ቅንድቧ ከዳር ከዳር መርገፍ ጀመረ። ጎረቤቶቿ ቅቤ ቀቢ አሏት፤ ቀባች። ጉሎ አሏት፤ ቀባች። ልጇ ከከተማ ሴረም ገዝቶ መጣ፤ እሱንም ቀባች። ዓመት አለፈ። ፊቷ እየወፈረ፣ የጆሮዋ ጫፍ እያበጠ መጣ። አንድ ቀን እንጀራ ስትጋግር እጇ ምጣዱን ነክቶ ተቃጠለ። እሷ ግን አልተሰማትም፤ ያወቀችው የቆዳ ሽታ ሲሸታት ነው። ዘይቱ ምንም አልጎዳትም፤ የጎዳት ያሳለፈችው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሽታው የእጇን ጅማት በላው።

ሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም። ቡዳም አይደለም፤ በዘርም አይወረድም። በ1865 ዓ.ም. አርማወር ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም የሚያመጣውን ተሕዋስ አገኘ። ተሕዋሱ በጣም አዝጋሚ ነው፤ ሰው ከያዘው በኋላ ምልክቱ እስኪታይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ይፈጃል። እናትና ልጅ ሲታመሙ ሰው «ዘር ነው» የሚለው አብረው በአንድ ጎጆ ስለሚኖሩ ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ ተሕዋሱ ቢያገኘውም አይታመምም።

ድሮ በሽተኛው ከቤቱ ወጥቶ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍና በየጠበሉ ይኖር ነበር። የሚጠራበት ስምም ስድብ ነበር፤ እዚህ አንጽፈውም። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ሠፈር አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። አጠገቡ ያለው የምርምር ተቋምም በዚያው በሐንሰን ስም ይጠራል። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአገራችን ሕክምናው በአንድ መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ በተጣመሩ መድኃኒቶች ሆኗል። እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወር ወይም ዓሥራ ሁለት ወር ይዋጣል፤ ክፍያ የለውም። መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በሽተኛው ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉን ያቆማል። ስለዚህ ከቤቱ የሚወጣበት ምክንያት የለም፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይበላል፣ ያርሳል።

ምልክቱን በቤታችን ልናይ እንችላለን። ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ የማያሳክክ፣ የማያም ምልክት በቆዳ ላይ ካለ የጥጥ ጫፍ አሹሎ ሰውየውን ዓይኑን ጨፍን ብሎ በቀስታ መንካት ነው። «የት ነካሁህ?» ሲሉት ጤነኛውን ቆዳ ያመለክታል፤ ምልክቱ ላይ ሲነካ ግን ካልተሰማው ነገ ዛሬ ሳይል ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለምጽ ግን ከዚህ ይለያል፤ ለምጽ የወጣበት ቆዳ ሲነካ ይሰማዋል። በመርፌ መውጋት አያስፈልግም፤ ያቆስላል።

የረገፈው ቅንድብስ ይመለሳል? እውነቱን እንናገር። በዕጢ ምክንያት የሳሳ ከሆነ በመድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በሥጋ ደዌ የረገፈ ግን በሽታው ከዳነም በኋላ ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ሥሩ ጠፍቷልና። እንዲህ ያለው ሰው ቅንድቡን በእርሳስ ወይም በከሰል ቢያጠቁር ምንም ነውር የለበትም። ቅንድብ የሌለው ሰው ሁሉ በሽተኛ ነው ማለትም ስሕተት ነው፤ ብዙው ከዳነ ዓመታት አልፈውታል።

በአንድ ቤት አንድ ሰው ከታመመ የቤቱ ሰዎች ሁሉ ይታያሉ። ልጆቹ ሲታዩ ልብሳቸው ይውለቅ። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ በጀርባ ወይም በመቀመጫ ላይ ስለሚወጣ፣ ልጁ ራሱ አያየውም፤ እናቱም ገላውን ስታጥብ ካላየችው በቀር ማንም አያይለትም።